ትልቁ መኪናዬ አሸዋ ላይ ያፈላል፣ አስፋልት ላይ ግን ደህና ነው፤ ከየት ልጀምር?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ትልቅ ፎርዊል መኪና ነው። ከነጭነቱ 3 ቶን ያልፋል። የምነዳው ከቀትር በኋላ በጥላ ስር እንኳ 46 ዲግሪ በሚደርስ በረሃ ነው። አስፋልት ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስሄድ የሙቀት ጌጁ መሀል ላይ ይቆማል፣ ንቅንቅ አይልም። ለስላሳ አሸዋ ውስጥ ገብቼ በ20 እና በ30 መጎተት ስጀምር ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቀዩ ይወጣል። ኤሲ አጥፍቼ ቆም ሳደርገው ይመለሳል።

ራዲያተሩን በአዲስ ቀይሬያለሁ። የውሃ ፖምፓውም አዲስ ነው። የተለወጠ ነገር የለም። አሁን የምሄድበት ጋራዥ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ይሆናል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይነሳ እያለኝ ነው። ጤነኛ ሞተር በግምት ሲፈታ ማየት ስለማልፈልግ እሺ ለማለት ከበደኝ። ቴስታታ ከማስነሳቴ በፊት ምን ልመልከት? እግረ መንገዳችሁን በእንዲህ ያለ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ትልቅ መኪና እንዴት እንደምትይዙ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልሶቹ ስለበዙ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው እያንዳንዱን በራሴ አነጋገር አሳጥሬ በየቁጥሩ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ፤ ሰዎቹንም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። የሞከርኩትንና የተሰማኝንም በየመሀሉ ጨምሬያለሁ።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ በጨዋ ሰላምታ ጀምሮ ጌጁን እንዳላምነው አስጠነቀቀኝ። በብዙ መኪኖች መርፌው ሆን ተብሎ እንዲደነዝዝ የተሠራ ነው። ውሃው 80 ዲግሪም ይሁን 100፣ ሹፌሩ እንዳይሸበር መሀል ላይ ይቀመጣል፤ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነገሩ ረፍዷል። በምርመራ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ ማንበቢያ ገዝቼ ቁጥሩን እንዳይ መከረኝ። ገዛሁ። አስፋልት ላይ 93፣ አሸዋ ላይ 109 አነበብኩ። ለወራት በግምት ስባዝንበት የቆየሁት ነገር ቁጥር ኖሮት ያየሁት ያን ቀን ነው።

መልስ 2፦ ይህኛው በሙሉ ልቡ ነው የጻፈው። ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ ለውሃው መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ዕቃ ስለሆነ በበረሃ ጥቅም እንደሌለው፣ አውጥቼ ጥዬው ውሃው ያለ ከልካይ ቢዞር እንደሚሻል ነገረኝ። እሱ አውጥቶ ዓመታት እንደነዳም ጨመረ።

መልስ 3፦ ከ2 ጋር ተስማማና ኩላንትም (ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ትርፍ ወጪ ነው ወደሚል ሄደ። ንጹህ ውሃ ሙቀት በመሸከም ከኩላንት ስለሚበልጥ ውሃ ብቻ እንድሞላ መከረ።

መልስ 4፦ መካኒክ መሆኗን የገለጸች ሴት ሁለቱንም በትሕትና አረመቻቸው። 3 ግማሹን እውነት ይዟል አለች። አንድ ኪሎ ንጹህ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎጁል ሲያስፈልግ፣ እኩል በእኩል ለተቀላቀለ ኩላንት 3.5 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ውሃ ብቻውን የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። ነገር ግን ክዳን በሌለው ዕቃ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ቅልቅሉ እስከ 107 ገደማ ይታገሣል። ዝገትም ይከላከላል፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ደግሞ የሲሊንደሩ ግድግዳ በንዝረት በሚፈጠሩ ጥቃቅን አረፋዎች እንዳይቦረቦር ይጠብቃል። ከጉድጓድ የተቀዳ ጨዋማ ውሃ ከሁሉም የከፋ ነው፣ በቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቅልቅሉ በተጣራ ውሃ መሆን አለበት።

ቀጥላ ስለ ራዲያተር ክዳን ጻፈች። እኔ ትኩረት ሰጥቼው የማላውቅ ዕቃ ነበር። ክዳኑ 1 ባር ግፊት ከያዘ ንጹህ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ቅልቅሉ ከዚያም ያልፋል። የክዳኑ ጎማ በሙቀት ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፣ መኪናው ሳይግል ማፍላት ይጀምራል። ከመኪናው ሁሉ ርካሹ መድኃኒት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይር አለችኝ።

ስለ ቴርሞስታት ደግሞ እንዲህ አስረዳች። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት በታችኛው ሳህኑ ወደ ራዲያተሩ ሳይገባ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር ያሞቃል።

መልስ 5፦ 2 ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቷል። በጋራዥ ጥላ ስር ተቀምጦ መጻፍና በቀትር አሸዋ መግፋት አንድ አይደሉም አለ። መከራከሪያ ግን አላመጣም።

መልስ 6፦ ለመካኒኳ ሊያግዛት የገባ ሰው ነው። ቴርሞስታቱ ሲወጣ የሚግለው ውሃው በጣም ስለሚፈጥን በራዲያተሩ ውስጥ ሙቀቱን ለመስጠት ጊዜ ስለሚያጣ ነው አለ።

መልስ 7፦ እሷ ደጋፊዋንም አረመችው፤ በዚህ ውይይት ውስጥ በጣም ያከበርኳት እዚህ ላይ ነው። ውሃው በፈጠነ ቁጥር ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሻገረው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ጥፋቱ ያለው በአቋራጩ ብቻ ነው። ለ2 ስትመልስም ድምፅዋን አላነሳችም። አቋራጭ በሌለው ሞተር ላይ ያለ ቴርሞስታት ነድቶ ምንም አልሆነ ይሆናል። ነገር ግን የበረሃ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ ለመድረስ ሲዘገይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ያለ ዕድሜያቸው ይበላሉ።

ለእኔም አንድ ቁም ነገር ጣለችልኝ። ቴስታታ ከመነሳቱ በፊት በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ የሚሞከር ፈሳሽ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ የፈሳሹ ቀለም ይለወጣል። ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ይህን ሳያደርግ ቴስታታ ይነሳ የሚል ሰው እየገመተ ነው አለች። በማግስቱ አስሞከርኩት። ቀለሙ አልተለወጠም። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

መልስ 8፦ ከሠላሳ ዓመት በላይ በበረሃ የነዱ አንድ አባት ጻፉ። ልጄ ብለው ጀምረው አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ መኪናው በሚግልበት ሰዓት ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቁኝ። አስቤበት አላውቅም ነበር። ምክንያቱን ራሳቸው አብራሩት። በ100 የሚሄድ መኪና ነፋሱን ራሱ ይሠራዋል። በ20 የሚጎትት መኪና ግን ያለው ቬንትሌተሩ የሚስብለት አየር ብቻ ነው። ነፋሱ ከኋላ በዚያው ፍጥነት ከመጣ መኪናው ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እየሠራ ቆሞ እንዳለ ይቆጠራል። በፍጥነት ሲሄድ የሚግል መኪና ብዙውን ጊዜ ውሃው መንገድ ያጣ ነው፣ በዝግታ ሲሄድ የሚግል አየር ያጣ ነው። አንተ ራዲያተርና ፖምፓ ስትለውጥ የውሃውን መንገድ ነው የጠገንከው፣ የአየሩን ገና አልነካኸውም አሉኝ።

ሲግል ምን እንደማደርግም ጻፉ። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረህ አቁም። ውሃ እየፈሰሰ ካልሆነ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፣ ትንሽ ከፍ ባለ ዙር ይሥራ። ኤሲውን ዝጋ፣ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ክፈት፣ እሱ ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። ኮፈኑን አንሳ። የጋለ ክዳን አትንካ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ውሃው እየፈሰሰ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፋ፣ ውሃ በሌለበት ማሽከርከር መግደል ነው።

መልስ 9፦ የእኔ ነው። አመስግኜ ቬንትሌተሩ መሥራት አለመሥራቱን በምን እንደማውቅ ጠየቅኋቸው።

መልስ 10፦ እሳቸው በዚያው ሌሊት መለሱ። እንደ እኔ ባለ መኪና ላይ ቬንትሌተሩ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ አይደለም። በመሀል ፋን ክላች አለ። ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ተሞልቷል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥምጥም ስፕሪንግ አለ። በራዲያተሩ ያለፈው አየር ሲሞቅ ስፕሪንጉ ዞሮ ለዘይቱ በር ይከፍታል፣ ቬንትሌተሩም ከሞተሩ ጋር ተጠፍሮ መዞር ይጀምራል። ዘይቱ ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ይሾልካል። ቬንትሌተሩ መዞሩን አይተውም፣ ስለዚህ አይቶ የሚጠረጥር የለም፤ ጉልበት ግን የለውም።

መሞከሪያው እንዲህ ነው። መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ከዚያ ቬንትሌተሩን በእጅህ ግፋው። ጤነኛ ከሆነ ማር ውስጥ እንደሚዞር ማንኪያ ይከብዳል። ገፋ ስታደርገው በራሱ የሚሾር ከሆነ አልቋል። በመሀሉ ዙሪያ አሸዋ የተጣበቀበት የዘይት ቀለበት ካየህም ምስክር አያሻውም።

ወጥቼ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ዞረ። የዘይቱ ቀለበትም ነበረበት፣ ጥቁርና ሻካራ። ከአንድ ዓመት በላይ በየሳምንቱ ኮፈኑን እየከፈትኩ ያየሁት ነገር ነው።

መልስ 11፦ አንዱ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ክላቹን ፈትቼ ውፍረቱ 10,000 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) የሆነ የሲሊኮን ዘይት እንድሞላበት ሐሳብ አቀረበ፤ እሱ ሞልቶ ሠርቶለታል። መካኒኳ ይቻላል አለች፣ ነገር ግን ኩሽኔታው አርጅቶ የሚንገጫገጭ ከሆነ ዘይት መሙላት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ከሚገባው በላይ ከወፈረም ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ እየጮኸ ጉልበትና ናፍጣ ይበላል። የእኔ ኩሽኔታ ይንገጫገጭ ስለነበር አዲስ ገዛሁ።

መልስ 12፦ አጭርና ጠቃሚ። በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤሲው ኮንደንሰር (የኤሲው ሙቀት ማስወጫ) መሀል ያለውን ክፍተት በመብራት እንዳየው ነገረኝ። ከፊት ሲታይ ንጹህ የሚመስል መኪና በመሀሉ ተደፍኖ ይገኛል። አየሁት። ደቃቅ አሸዋ፣ የነፍሳት ክንፍና የሣር ዘር ከዘይት እርጥበት ጋር ተጋግሮ ከኮንደንሰሩ ጀርባ ታችኛውን ሲሶ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። አዲሱ ራዲያተር ሲገጠም ኮንደንሰሩ ሳይታጠብ ነው የተመለሰው። የቬንትሌተሩ መከለያ ፕላስቲክም አንድ ጎኑ ተሰብሮ ነበር። መከለያው ከሌለ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ በኩል ከመሳብ ይልቅ የሞተሩን የጋለ አየር መልሶ ያዞራል፤ ይህንንም የነገረኝ 12 ነው።

መልስ 13 እና 14፦ 13 በመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ባለው ውሃ ከፊት እንዳጥበው መከረ። 14 በኃይል ተቃወመው። ከፊት መምታት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያጠብቀዋል፣ ግፊቱም ቀጫጭኖቹን የአሉሚኒየም ክንፎች አጣጥፎ አየሩን ለዘለዓለም ይዘጋዋል። የሚታጠበው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በተራ የአትክልት ውሃ ቱቦ፣ በትዕግሥት ነው። 14 ሌላውን ሰው ለመዝለፍ የተጠቀመበት ቃል አላስፈለገም፤ በነገሩ ግን ልክ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

መልስ 15፦ እዚህ ላይ ወሬው ወደ ታሪክ ዞረ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተከተልኩ። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው የእንግሊዝ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሊቢያ በረሃ በፎርድ መኪኖች ሲጓዝ ትልቁ ችግሩ ውሃ ነበር፤ ራዲያተሩ ያፈላና ለመጠጥ የሚያስፈልገው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ የራዲያተሩን ትርፍ ቱቦ በጎን መርገጫው ላይ ወዳሰረው ቆርቆሮ አዞረው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ውሃ አለ። እንፋሎቱ እዚያ ገብቶ ውሃ ይሆናል። ቆርቆሮው ራሱ መፍላት ሲጀምር መኪናውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ያቆማል፤ ራዲያተሩ ሲበርድ የውስጡ ግፊት ስለሚወርድ ውሃውን በሙሉ መልሶ ይስበዋል። በ1940 ባቋቋመው የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን የጭነት መኪኖች ላይም ይኸው ተገጥሞ ነበር።

መልስ 16፦ ሌላው ይህንን ከዛሬ ጋር አገናኘው። በኮፈናችን ስር ያለው የኩላንት ትርፍ መያዣ ፕላስቲክ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ወደ እሱ የምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀች ሲግል የወጣው ውሃ ሲበርድ አይመለስም፣ በምትኩ አየር ይገባል። መኪናው የትም ሳያንጠባጥብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። የእኔን አየኋት፤ ከክዳኑ ስር ተሰንጥቃ ነበር። ስለ ጥንት ታሪክ የተጀመረ ጨዋታ ጎማዬን አስቀየረኝ።

መልስ 17 እና 18፦ 17 ባግኖልድ ከአሸዋ ለመውጣት ስለተጠቀመባቸው የብረት ሰሌዳዎች በረጅሙ ጻፈ። 18 ተናደደ፣ ጠያቂው መኪናው እየተቃጠለበት እናንተ ታሪክ ታወራላችሁ አለ። ቁጣው ለእኔ ተቆርቁሮ ስለሆነ አልተቀየምኩትም፣ ነገር ግን 16ን አይቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

መልስ 19፦ ስለ አየር ፊልትሮ ያለው ክርክር የተከፈተው እዚህ ነው፣ ረዘመ። 19 በየማታው ፊልትሮውን አውጥቶ በኮምፕረሰር እንደሚነፋ፣ መሬት ላይ መታ መታ እንደሚያደርገው ጻፈ። በንጽሕናው የሚኮራ ሰው ነው።

መልስ 20፦ ፊልትሮ በማጽዳት ብዛትም ሞተር ይሞታል የሚል መልስ መጣ። ሰውየው በእርጋታ ነው ያስረዳው። የአሸዋ ዋናው ማዕድን ኳርትዝ ነው፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ሲቆም ተራ ብረት ከ4 እስከ 5 ነው። በዓይን የማይታይ የኳርትዝ ብናኝ ከሲሊንደሩ ከገባ ቀለበቶቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። የወረቀት ፊልትሮ ደግሞ ትንሽ ሲቆሽሽ ከአዲሱ ይልቅ ደቃቁን አቧራ አጥብቆ ይይዛል፣ የተከማቸው አቧራ ራሱ ወንፊት ይሆናልና። በየማታው ቤቱን በከፈትክ ቁጥር ከጠርዙ የሚራገፈው አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን ይወርዳል። መሬት ላይ ስትመታው ብረቱ ይጎብጣል፣ በደንብ አይገጥምም። ከውጭ ስትነፋው አቧራውን ወደ ወረቀቱ ትቀብረዋለህ፤ በኃይል ስትነፋው ትበሳዋለህ።

የሚነፋ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ አፈሙዙን አርቆ ነው። ከዚያ ውስጡ መብራት አስገብቶ የብርሃን ነጥብ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንዳለ ማየት፣ ካለ መጣል። መቼ እንደሚጸዳ የሚናገረው የአየር እጥረት ጠቋሚው እንጂ ቀኑ አይደለም። በፊልትሮው ቤት ስር ያለችው አቧራ የምትተፋ ትንሽ ጎማ ደርቃ አፏ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በዚያ በኩል ያልተጣራ አቧራ ይጠጣል።

መልስ 21 እና 22፦ 21 ዘይት የሚቀባ የጥጥ ፊልትሮ አስገብቶ ጉልበት እንደጨመረለት ተናገረ። 22 አጥንት በሚነካ ቃል መለሰለት፤ አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ወንፊት ደቃቅ አቧራም ማሳለፉ እንደማይቀር፣ ጉልበቱ የተገዛው በሞተሩ ዕድሜ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ ለሁላችንም የሚሆን መመዘኛ ሰጠ፦ ከፊልትሮው ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈታችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ካነሳ ማንም ምንም ቢል ፊልትሮው ወይም አገጣጠሙ ጥፋተኛ ነው። የእኔ ንጹህ ወጣ። 21 የራሱን ጠርጎ ያገኘውን አልነገረንም።

መልስ 23 እና 24፦ ስለ ዘይት ነው፣ አላረዝመውም። 23 በበረሃ ከ20ደብልዩ-50 በታች ዘይት መጠቀም ኃጢአት ነው ባይ ነው። 24 ቁጥሮቹን ዘረዘረ። የፊተኛው ቁጥር ስለ ብርድ ነው። በ100 ዲግሪ ላይ የውፍረት መጠኑ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ የሆነው 40 ሲባል፣ ከዚያ በላይ እስከ 21.9 ያለው 50 ይባላል። የሞተሩ መጽሐፍ ለዚህ ሙቀት 15ደብልዩ-40 ከፈቀደ በቂ ነው፤ አቧራ በበዛበት ዋናው ነገር ከማወፈር ይልቅ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። እኔ በ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየሬን ቀጥያለሁ።

መልስ 25፦ ይህ ሰው ሌሎቹ ያለፉትን ነገር ከመክፈቻ ጽሑፌ ላይ አነበበ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማለቴን። በከፍተኛው ማርሽ በ20 እና በ30 አሸዋ ስትጎትት ቶርክ ኮንቨርተሩ (ጉልበትን በዘይት አማካይነት ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል) ሳይያዝ እየተንሸራተተ የሞተሩን ጉልበት በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ በራዲያተሩ የታችኛው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የካምቢዮው ሙቀት ለሞተሩ ውሃ ይተርፋል። ለስላሳ አሸዋ ከመግባትህ በፊት ወደ ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ አስገባ አለኝ። ፍጥነትህ ያው ነው፣ ሙቀቱ ግን ይወርዳል። የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጌ እንዳየውም ነገረኝ። የእኔ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ይሸት ነበር። ለወራት ከኮፈኑ ስር ጥፋት ስፈልግ የጥፋቱ አንድ ወገን እጄ ላይ ያለው ማርሽ ነበር።

መልስ 26፦ ስለ ጎማ። ለአሸዋ የጎማውን አየር ግፊት ወደ 18 ፒኤስአይ ማውረድ ሞተሩንም ያሳርፋል፤ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ሲረዝም ስለማይሰምጥ የሚገፋው አሸዋ ይቀንሳል። አስፋልት ላይ ከመውጣትህ በፊት ግን ሞልተህ ነው፤ የላላ ጎማ በፍጥነትና በጭነት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ራሱን ያበስላል።

መልስ 27፦ አንዱ አስፋልት ላይ ግፊቱ ከ40 ወደ 47 ስለወጣበት ቆሞ እንዳስተነፈሰ ጻፈ። 28 አላስጨረሰውም። ጠዋት በ20 ዲግሪ 40 የነበረ ጎማ ውስጡ 60 ዲግሪ ሲደርስ 47 መሆኑ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ፋብሪካውም አስቦበታል፤ አሁን ያስተነፈስከው ነገ ጠዋት ከሚገባው በታች ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ሰው ትገድላለህ አለው። መካኒኳ ገብታ አበረደቻቸው። የ28 ቃል ቢከብድም ነገሩ ቀላል አይደለም አለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን የፋየርስቶን ጎማዎች ከገበያ ሲሰበሰቡ ሽፋናቸው እየተላጠ አደጋ ይደርስ የነበረው በብዛት በሞቃት ግዛቶች እንደነበር፣ በዝቅተኛ ግፊት መንዳትም ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ እንደነበር አስታወሰች። የጎማውን ዕድሜ በጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች ማንበብንም ያስተማረችን እዚህ ላይ ነው፤ 1916 ቢል በ2016 በ19ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በፀሐይ የሚደርቅ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ይሞታል።

መልስ 29፦ ስለ ባትሪ አንድ ሰው ብቻ ጻፈ። ብርድ የባትሪን ድካም ያጋልጣል እንጂ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። ከቱርቦው በኩል መከለያ እንዳደርግለት፣ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነም በየወሩ በተጣራ ውሃ እንድሞላ መከረ።

መልስ 30፦ የእኔ ነው፣ ውጤቱን ይዤ የተመለስኩበት። ፋን ክላቹን ቀየርኩ፣ ኮንደንሰሩንና ራዲያተሩን አጠብኩ፣ መከለያውን አስጠገንኩ፣ ክዳኑንና የተሰነጠቀችውን የጎማ ቱቦ ለወጥኩ፣ የካምቢዮውን ዘይት ቀየርኩ። ከዚያ በዚያው አሸዋ፣ በዚያው ሰዓት፣ 45 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ በዝቅተኛው ማርሽ ግማሽ ሰዓት ጎተትኩ። ማንበቢያው 97 ላይ ቆመ። ቴስታታው እንደተገጠመ አለ። ለሁሉም፣ በተለይ ለ4ና ለ8 ምስጋናዬን ጻፍኩ። ቴርሞስታቱንም አላወጣሁትም።

መልስ 31፦ 2 ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፣ የእሱን ግን እንደማይመልሰው ነገረን። መካኒኳ መልካም መንገድ ተመኘችለት፤ በዚህ ተለያዩ።

መልስ 32፦ እኒያ አባት በመጨረሻ መጡ። ደስ እንዳላቸው ጽፈው፣ ስለ ጎማ የተባለውን አንብቤ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ከመኪናው ስር የታሰረው ተጠባባቂ ጎማ በየትኛው ሳምንት የተሠራ እንደሆነ። መብራት ይዤ ወጣሁና ከስር ገብቼ አየሁት። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ መሬት ነክቶ አያውቅም፤ 3311 ይላል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሚታሰር ጎኑ በሙሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አውርጄዋለሁ፤ አዲስ እስክገዛለት ወደ አሸዋው አልመለስም።